ቤት ሲከብድ ካምፓስ መግባት፦ የድሬዳዋ ልጆችና ወላጆች ደጋግመው የሚጠይቁን ጥያቄዎች

ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ከ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ጋር እንቀመጣለን። አንዱ ከሳቢያን፣ አንዱ ከገንደ ቆሬ፣ ሌላዋ ከመጋላ ትመጣለች። ስለ ስኮላርሺፕ ሊጠይቁ ይመጡና ወሬው ወዲያው ቤት ይገባል። እናት ታማለች። አባት ሥራ ፈቷል። የቤት ኪራይ ደርሷል። እኔም ያለፍኩት በዚሁ ነው። ስለዚህ በየዓመቱ የማይቀሩትን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስቤያቸዋለሁ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ዩኒቨርሲቲ የደረሳቸውን ልጆች ከመንገድ ሲያስቀር ያየሁት ትንሽ ገንዘብ ነው። በሰዓቱ ያልተገኘች ትንሽ ገንዘብ። ከእሷ ጋር ደግሞ ቤት ውስጥ ሳይነገር የቀረ ነገር አለ።

ዩኒቨርሲቲ ለመማር ስንት ብር ያስፈልጋል? ቤታችን ምንም የለም።

በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከተመደብክ ስትመዘገብ የሚጠየቅ የትምህርት ክፍያ የለም። ዶርም ታገኛለህ፣ ካፌ ትበላለህ፣ ትማራለህ። ሙሉ በሙሉ ነጻ ነው ማለት ግን አይደለም። ከ1996 ጀምሮ የወጪ መጋራት የሚባል አሠራር አለ፤ ተማሪው ኮስት ሼሪንግ ይለዋል። ውል ትፈርማለህ፤ የምግብህና የመኝታህ ወጪ፣ ከትምህርቱም የተወሰነ ድርሻ በስምህ ይያዛል። መክፈል የምትጀምረው ተመርቀህ ሥራ ስትይዝ ነው። ያኔ ከወር ገቢህ ቢያንስ 10 በመቶ ይቆረጣል።

ወላጅ "ዕዳ" የሚለውን ቃል ሲሰማ ይደነግጣል። አንድ አባት ስለ ውሉ እንደሰማ "ልጄ አይፈርምም" ብሎ ተነስቶ ነበር። ቤቱን የሚያስይዝ መስሎት ነው። ስለዚህ እቤት ቁጭ ብላችሁ አስረዱ። የሚከፍለው ተማሪው ነው፤ የሚከፍለውም ደመወዝ ሲኖረው ነው።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን የምታስቡ ደግሞ እዚያ ራስ ገዝ እንደሆነና የራሱ መግቢያ ፈተና እንዳለው እወቁ። ማን በመንግሥት ወጪ፣ ማን በራሱ ከፍሎ እንደሚማር ከማመልከታችሁ በፊት ጠይቁ።

ታዲያ ልጆች የሚቀሩት በምን ምክንያት ነው?

በመኪና ገንዘብ። በብርድ ልብስ። በጉርድ ፎቶ።

የዩኒቨርሲቲው ጥሪ ድንገት ይወጣል። ከጥሪው እስከ ምዝገባው አንዳንዴ ሁለት ሳምንት አይሞላም። በዚያች ጊዜ የትራንስፖርት፣ የአንሶላ፣ የሻንጣ፣ የቁልፍ፣ የሳሙና፣ የፎቶ ኮፒ፣ ለሴቷ የሞዴስ ገንዘብ እኩል ይፈለጋል። እያንዳንዱ ትንሽ ነው። ሲደመር ግን ጉሊት ለምትውል እናት የወር ገቢ ነው። ብድር ትጠይቃለች፣ ታፍራለች፣ ቀኑ ያልፋል። ልጁም "ዘንድሮ ይቅር" ይላል። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ፤ እስከ ዛሬም ያንገበግበኛል።

ስለዚህ 12ኛ ክፍል እንደገባችሁ ጀምሩ። እናታችሁ ዕቁብ ካላት ዳኛውን አነጋግሩ፤ ዕጣዋ ጥሪው በሚጠበቅበት ሰሞን እንዲሆንላት ጠይቁ። ዕድሩን፣ ሐረር ከሆናችሁም አፎሻውን አትርሱ። ለለቅሶ የሚሰበሰብ ሰው ለትምህርትም ይሰበሰባል፤ የሚነግረው ካገኘ። ዘካ የሚያወጡ ነጋዴዎች ለተማሪ መስጠት ደስ ይላቸዋል። ጅቡቲ ያለውን ዘመድ ደግሞ "ገንዘብ ላክልኝ" ከማለት "ብርድ ልብሱን አንተ ግዛልኝ" ማለት ይቀላል። ሰው የሚሰጠው ነገር ምን እንደሚሆን ሲያውቅ እጁ ይፈታል።

እናቴ ብቻዋን ናት። እኔ ስሄድ ቤቱን ማን ይይዘዋል?

ይህን ጥያቄ በሰማሁ ቁጥር መልስ ከመስጠቴ በፊት ትንሽ ዝም እላለሁ፤ የራሴ ጥያቄ ስለነበር።

እናቴ ቀፊራ ገበያ ሳምቡሳ ትሸጥ ነበር። በ1998 ክረምት የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ሲመጣ ቤታችንን ወሰደው። በዚያ ጎርፍ በድሬዳዋ ከ200 በላይ ሰው አልቋል። እኛ ነፍሳችን ተርፎ አክስቴ ቤት አንድ ክፍል ገባን። ያኔ 8ኛ ክፍል ጨርሼ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሊጡን የማቦካው፣ ሽንኩርቱን የምከትፈው፣ ምስሩን የምቀቅለው እኔ ሆንኩ። ጠዋት እኔ እጠቀልላለሁ፣ እናቴ ትጠብሳለች። ዩኒቨርሲቲ ሲደርሰኝ፣ ያውም የሁለት ቀን መንገድ፣ ለሦስት ቀን ደበቅኳት። እዚሁ ልቀር ወስኜ ነበር።

የሰማችው ከጎረቤት ነው። አልተቆጣችም። ማታ የሱቁን የዱቤ ደብተር አወጣች፣ ከኋላ ባዶውን ገጽ ገለጠችና "ጻፊ" አለችኝ። "እዚህ ቤት የምትሠሪውን ሁሉ ጻፊ።" ጻፍኩ። ውኃ መቅዳት። ዱቄት ማምጣት። ሊጥ። ሽንኩርት። ምስር። መጠቅለል። ድስት ማጠብ። ወንድሜን ማስጠናት። ስምንት ነገር ሆነ። ከዚያ ከየአንዳንዱ ጎን ስም አስጻፈችኝ። ውኃውና ዱቄቱ የወንድሜ ሆነ። ማስጠናቱን የአክስቴ ልጅ ወሰደች። ሊጡን፣ ሽንኩርቱን፣ ምስሩንና ድስቱን "ማታ ማታ እኔ" አለች። ስም ያጣው አንድ ብቻ ነበር፤ የጠዋቱ መጠቅለል። ለእሱ የጎረቤት ልጅ በቀን ጥቂት ብር እየተከፈላት እንድትመጣ ተስማማን። ያ ብር ከትርፏ የሚቀነስ ነበር። አስልታ፣ ጉድለቱን አይታ ነው "ሂጂ" ያለችኝ።

አንቺም እንዲሁ አድርጊ። "ያለ እኔ ቤቱ አይቆምም" የሚለውን ሐሳብ ወረቀት ላይ አውርጂው። አብዛኛው የሚከፋፈል ሥራ ሆኖ ታገኝዋለሽ። የማይከፋፈለው ሲቀር ስለ እሱ ብቻ ተነጋገሩ።

አንዳንድ ቤት ግን የሚቀረው በጣም ከባድ ነው። እናት አልጋ ላይ ከሆነችና ሌላ ሰው ከሌለ አንድ ዓመት መቆየት ነውር የለውም። እንደዚያ ከሆነ ዝም ብለሽ አትጥፊ። ሬጅስትራር ሄደሽ ወይም ደውለሽ ጠይቂ። ተመዝግቦ፣ ዊዝድሮው የሚባለውን የማቋረጫ ቅጽ ሞልቶ የወጣ ተማሪ መመለሻ መንገድ አለው። ሳይናገር የቀረ ግን ምደባውን ሊያጣ ይችላል።

ሱቅ ተቀጥሬ እሠራለሁ። መቼ ላጥና?

የድሬ ልጅ ሌላ ከተማ የሌለ ሰዓት አለው። ከ6 ሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ስትከር ሱቁ ይዘጋል፣ ከተማው ይተኛል። እስከ 10 ሰዓት ገደማ የሚገዛም የሚሸጥም የለም። ሌላው ሲቅምና ሲያሸልብ ያ ጊዜ ያንተ ነው። ሙቀቱ እንደሚያደክም አውቃለሁ፤ ጥላ ፈልግ፣ ቤተ መጻሕፍት ግባ፣ ፊትህን ታጠብ። ከባዱን ትምህርት ለንጋት አስቀረው፤ ከሌሊቱ 10 እስከ 12 ሰዓት አየሩ ደህና ነው። ለአሠሪህም ስለ ፈተናው ቀድመህ ንገረው። በመጨረሻው ወር ግማሽ ቀን የፈቀዱ ባለ ሱቆች አውቃለሁ።

ከዚራ ላይ ባጃጅ የሚነዳ ተማሪ ነበረን። የፊዚክስ ፎርሙላ ካርቶን ላይ ጽፎ ከፊት መስታወቱ በላይ ይሰካል። ተሳፋሪው "ይሄ ምንድን ነው?" ሲለው ማስረዳት ይጀምራል። "ሳስረዳ ነው የገባኝ" ይል ነበር።

50 ባይመጣልኝስ?

በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 ከመቶና በላይ ያመጡት ከተፈተኑት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ሆነ። እንግዲህ የወደቀው አንድ ሰነፍ ልጅ አይደለም፤ ከ10 ተማሪ 9 ያህሉ ነው። "አላጠኑም እንጂ" የሚሉ ሰዎች ያናድዱኛል። ቁርስ ሳይቀምስ፣ በኩራዝ፣ መጽሐፍ ለሦስት እየተዋሰ ያነበበን ልጅ አላጠናም ማለት ግፍ ነው።

ከ2015 ጀምሮ ሪሜዲያል አለ። 50 ያልሞላላቸው፣ ግን በየዓመቱ የሚቆረጠውን ነጥብ ያገኙ ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ገብተው የማካካሻ ትምህርት ይወስዳሉ፤ ካለፉ ፍሬሽማን፣ ማለትም የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ይሆናሉ። ሪሜዲያል ገባሁ ብሎ የሚሸማቀቅ ልጅ አያለሁ። አትሸማቀቁ። ይህም ካልሆነ በግል ድጋሚ መፈተን ወይም ቴክኒክና ሙያ አለ። ቤታችሁ ቶሎ ገቢ የሚፈልግ ከሆነ ቴክኒክና ሙያ ገብታችሁ፣ ሥራ ይዛችሁ፣ ኋላ ዲግሪውን በማታ መቀጠል ጥሩ መንገድ ነው።

ውጭ አገር ነጻ የትምህርት ዕድል በእርግጥ አለ?

አለ። ቦታው ጥቂት፣ አመልካቹ ብዙ ስለሆነ የአገር ውስጥ ምደባህን ሳትለቅ ሞክር።

ለድሃ ልጅ የሚመቸው ማመልከቻው ገንዘብ የማይጠይቀው ነው። የቱርክ መንግሥት ቱርኪዬ ቡርስላሪ እንደዚያ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በጥር ተከፍቶ በየካቲት ይዘጋል። ለመጀመሪያ ዲግሪ ዕድሜህ ከ21 በታች፣ ውጤትህ ቢያንስ 70 በመቶ፣ ለሕክምና 90 በመቶ መሆን አለበት። የቋንቋውን ዓመት፣ ማደሪያውን፣ የወር ወጪና የአውሮፕላን ትኬቱን ይሸፍናል። የሃንጋሪው ስቲፔንዲየም ሃንጋሪኩምም ለኢትዮጵያውያን ክፍት ነው። አሜሪካ ኬንታኪ ውስጥ ያለው ቤሪያ ኮሌጅ የትምህርት ክፍያ አይጠይቅም፤ ሁሉም ተማሪ ግን ካምፓስ ውስጥ ሥራ ይሠራል። የአካል ጉዳት ያለባችሁ ልጆች ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን ጋር የሚሰጠውን ዕድል ጠይቁ፤ ትኩረቱ እናንተ ላይ ነው።

ቴሌግራም ላይ "ፕሮሰስ እናደርጋለን፣ መጀመሪያ ይህን ያህል ላኪ" የሚል ካያችሁ ሽሹ። አንዲት እናት የወርቅ ጉትቻዋን ሽጣ ላከች፤ በማግስቱ ስልኩ ተዘጋ። እውነተኛው ስኮላርሺፕ በግለሰብ ሒሳብ ብር አይቀበልም።

ማመልከቻው ላይ ስለ ራስህ ጻፍ ይላል። የቤቴን ችግር ልጻፈው? አፍራለሁ።

ጻፈው። ብቻ አትለምን።

አንድ ተማሪ ያመጣው የመጀመሪያ ጽሑፍ "እኛ በጣም ድሃ ነን፣ እባካችሁ እርዱኝ" ይላል። ሁለት ገጽ ሙሉ። አንብቤው ስለ እሱ ምንም አላወቅኩም። "ትናንት ጠዋት ምን ሠራህ?" አልኩት። "ኧረ አቦ፣ ምንም" አለ። ወጥሬ ያዝኩት። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስቶ የአባቱን ጋሪ ሽንኩርት ጭኖ ወደ ቀፊራ ገፍቷል። አባቱ ወገባቸውን ከታመሙ ወዲህ ገፊው እሱ ነው። ከዚያ ቀጠለ። አንድ ቀን ጋሪው ያለ ልክ ከበደው። ጭነቱ የዘወትሩ ነው። ጎማውን ሲፈታው ኩሽኔታው አልቋል። አሮጌ ኩሽኔታ ለምኖ፣ ቅባት ቀብቶ መልሶ ገጠመው፤ ጋሪው ቀለለ። "ያው ሽንኩርት፣ ያው እኔ፣ ለምን ቀለለ?" የሚለው ጥያቄ አላስተኛውም። የፊዚክስ መምህሩን ጠየቀ፤ ስለ ሰበቃ ሲነግሩት መሳቅ ጀመረ። ያመለከተው ሜካኒካል ምሕንድስና ነበር!

ሁለተኛው ጽሑፍ ከኩሽኔታው ጀመረ። "ድሃ" የሚል ቃል አንድም ቦታ የለበትም፤ ያነበበ ሁሉ ግን ቤቱን ያየዋል። ያንን ስኮላርሺፕ አላገኘም። አሁን እዚሁ አገር ሜካኒካል እየተማረ ነው፤ ጽሑፉንም ለሌላ ዕድል አስቀምጦታል።

ሁለት ነገር ልጨምር። በሕይወት ያለን አባት አትግደል። የሚያነቡት ሰዎች ይጠይቃሉ፤ ካልጠየቁም አንተ ታውቀዋለህ። ደግሞ ጽሑፉን ከመላክህ በፊት ለእናትህ ጮክ ብለህ አንብብላት። እሷ ፊት ማንበብ የምትሳቀቀው ዓረፍተ ነገር ካለ አውጣው።

ስሜ በየወረቀቱ በተለያየ ፊደል ተጽፏል። ችግር አለው?

አለው፣ ዛሬውኑ አስተካክለው። ድሬ ላይ አብዱራህማን የሚለው ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ስንት ዓይነት እንደሚጻፍ አስበው። የ8ኛ ክፍል ካርድህ፣ ትራንስክሪፕትህ፣ የ12ኛ ክፍል ውጤትህና የፋይዳ መታወቂያህ አንድ መሆን አለባቸው። የተማርኩበት ትምህርት ቤት የአባቴን ስም ተሳስቶ ጽፎብኝ፣ ስመዘገብ ነው የታየው። ማስተካከያ ደብዳቤ ከድሬ እስኪመጣ 11 ቀን ጠበቅኩ። ያለችኝን ገንዘብ ግማሹን የበላው ያ ደብዳቤ ነው።

ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ብመደብ ከቤት ብመላለስ አይሻልም?

በእኔ እምነት አይሻልም። ቢያንስ የመጀመሪያውን ዓመት ዶርም እደር። ቤት ካለህ ትጠራለህ። ውኃ አለቀ፣ እንግዳ መጣ፣ ሕፃኑ ታመመ። ቅዳሜና እሑድ ሄደህ አግዝ። ሐሮማያ ወይም ሐረር ያለው የጤና ኮሌጁ የደረሳችሁም በሚኒባስ በየሳምንቱ ለመምጣት አትጓጉ፤ የመኪናው ብር ሳይታወቃችሁ ያልቃል።

እኔ እናት ነኝ። ሴት ልጄ ሩቅ አገር ደረሳት። እንዴት አምኜ ልላካት?

እማማ፣ ፍርሃትዎ ልክ ነው። እናቴም ፈርታ ነበር። ከመሄዷ በፊት እዚያ ዩኒቨርሲቲ የሚማር የድሬ ልጅ ፈልጉ፤ አይጠፋም። መናኸሪያ እንዲቀበላት ይነጋገሩ። በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት እንደምትደውልልዎት ይወስኑ፤ ካርድ ባይኖራት ሚስኮል ታድርግ። ዩኒቨርሲቲዎች የሥርዓተ ፆታ ቢሮ አላቸው። ቦታውን በመጀመሪያው ሳምንት ትወቀው።

አጎቴ "ትምህርቱን ተይና ዓረብ አገር ሂጂ፣ ቤተሰብሽን አውጪ" ይሉኛል።

አጎትሽ ክፉ ሰው ላይሆኑ ይችላሉ። ቤቱ የሚያስፈልገው ገንዘብ ዛሬ ነው፤ ዲግሪ ደግሞ አራትና አምስት ዓመት ይፈጃል። ስለዚህ በቁጣ አትመልሺላቸው። ደላላው ስንት እንደሚጠይቅ፣ ያ ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ፣ ፓስፖርትሽን ማን እንደሚይዝ ጠይቂያቸው። ብቻሽን ከሆንሽ አክብረው የሚሰሙትን ሽማግሌ ወይም መምህር ይዘሽ ሂጂ። እኔ በሕጋዊ መንገድ የሄዱትን አልኮንንም። ማትሪክ አልፋ፣ ምደባ ይዛ የተቀመጠች ልጅ ግን በደላላ እጅ በድንበር ስትወጣ ማየት አልችልም።

ካምፓስ ገብቼ ገንዘብ ቢያልቅብኝ ለማን ልንገር?

ሳያልቅብህ ንገር። የተማሪዎች ዲን ቢሮ አለ። ግቢ ጉባኤው፣ ጀምዓው፣ ፌሎሺፑ አለ፤ ብዙ ጊዜ ከቢሮ የሚቀድሙት እነሱ ናቸው። የዶርም ልጆችህ አሉ። ሁለተኛ ዓመት ላይ ለሃንዳውት ኮፒ የሚሆን አጥቼ የጓደኛዬን ማታ ማታ በእጄ እገለብጥ ነበር። አንድ ቀን ዝም ብላ ሁለት ኮፒ አድርጋ መጣች። እስከዚያ ድረስ አልነገርኳትም፤ እሷ ግን አውቃ ነበር። ከካፌ ወጥተህ ነን ካፌ፣ ማለትም የምግቡን ብር በእጁ ተቀብሎ ራሱ የሚበላ ተማሪ ለመሆን ደግሞ አትቸኩል። በእጅ የሚሰጠው ብር ቤት የሚላክ ይመስላል፣ ትልካለህም። ከዚያ ትራባለህ።

የመጀመሪያው ቀን ምን ይዤ ልሂድ?

የጥሪው ማስታወቂያ ይነግርሃል። አብዛኛውን ጊዜ ዋናዎቹ የትምህርት ማስረጃዎች ከነኮፒያቸው፣ ጉርድ ፎቶዎች፣ አንሶላ፣ ብርድ ልብስ፣ የትራስ ልብስ ነው። አሁን አሁን ፋይዳም ይጠየቃል። የድሬ ልጅ ብርድ አያውቅም፤ ደገኛ አገር ከደረሰህ ሹራብ ያዝ። ዋናዎቹን ወረቀቶች ሻንጣ ውስጥ አትክተት፤ ከሰውነትህ አይለዩ። ገንዘቡን ሁለት ቦታ ክፈለው።

የቤት ምግብም ያዝ፤ ለራስህ ብቻ ሳይሆን ለዶርም ልጆች የሚበቃ። እናቴ 40 ሳምቡሳ በጋዜጣ ጠቅልላ ሰጠችኝ። መጀመሪያ ማታ ስምንት የማላውቃቸው ልጆች አልጋ ላይ ተቀምጠን በላነው። አንዷ ከወለጋ፣ ሁለቱ ከጎጃም፣ አንዷ ከጅጅጋ ነበሩ። "ማን ሠራው?" ሲሉኝ "እናቴ ናት፣ ቀፊራ ትሸጣለች" አልኳቸው።